ድንኳኑና ዳርቻው

የካምፕ ማስታወቂያ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። እሁድ ከስብከቱ በኋላ የወጣቶች ክፍል ተጠሪው ማይኩን ይቀበልና ዝርዝሩን ያነባል፦ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ ብርድ ልብስ፣ ባትሪ፣ ሳሙናና ፎጣ፤ የመመዝገቢያ ገንዘብ እስከሚቀጥለው እሁድ ድረስ። ቦታው አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ዳር ነው፤ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ፣ ቢሾፍቱ። ጠዋት የጽሞና ጊዜ፣ ከቁርስ በኋላ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት፣ ከሰዓት በኋላ ጨዋታና ሽርሽር፣ ማታ አምልኮና የመሰጠት ጥሪ፣ ከዚያም እሳት ዙሪያ ምስክርነት። ቅደም ተከተሉ እጅግ ከመለመዱ የተነሣ ማንም ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። በሐዋርያት ሥራ ውስጥ ግን ብትፈልጉት አታገኙትም።

በዚህ ጽሑፍ አንዱን ምንጭ ላሳያችሁ። “አንዱን” ያልኩት ካምፕ ብዙ ወላጆች ስላሉት ነው። በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት ሰምነር ዳድሊ የተባለ የወወክማ ሰው በ1885 ሰባት ልጆች ይዞ በኦሬንጅ ሐይቅ ዳር ድንኳን ተከለ፤ ከዚያ የተነሣው የልጆች ካምፕ ዛሬም በስሙ ይጠራል። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልኝ።) ደግሞስ ውሃ ዳር ድንኳን መትከልን አገራችን ከማን ተማረች? የከተራ ዕለት ታቦቱ ወደ ባሕረ ጥምቀት ወርዶ፣ ሕዝቡ በድንኳኑ ዙሪያ ሲያመሰግን የሚያድርበት ልማድ ከማንኛውም የፈረንጅ ካምፕ በፊት የነበረ ነው። የጠዋቱን ትምህርት፣ የከሰዓቱን የእግር ጉዞ፣ የማታውን ጥሪ አንድ ላይ ከሐይቅና ከጫካ ጋር ያስተሳሰረውን መልክ ስንከተል ግን በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ወደምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ እንደርሳለን። ስሟ ሲጻፍ ኬስዊክ ነው፤ የአገሩ ሰው “ኬዚክ” ይላታል።

ከተማዋ ደርወንትዋተር በተባለ ሐይቅ ራስጌ ትገኛለች። ሐይቁ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ በላንጋኖ ዓይን ካያችሁት ኩሬ ነው። ከከተማዋ ጀርባ የቆመው ስኪዶ የተባለ ተራራ 931 ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ እንጦጦ ላይ ላደገ ሰው ተራራ ብሎ መጥራቱ ትንሽ ሊያስቸግረው ይችላል። ነገር ግን ትንንሾቹ ደሴቶች፣ እስከ ውሃው ድረስ የሚወርደው የዋርካ ያህል የገዘፈ የኦክ ዛፍ፣ ከላይ የሚንጠለጠለው ጉም አንድ ላይ ሲታዩ ሰውን ዝም ያሰኛሉ። ዝናቡም ዝም ያሰኛል። ከሐይቁ በስተደቡብ ባለው ሸለቆ ውስጥ ያለችው ሲዝዌት በእንግሊዝ ሰው ከሚኖርባቸው ቦታዎች ሁሉ ዝናብ የሚበዛባት ናት፤ በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይወርድባታል። ድንኳን ለመትከል የሚመረጥ አገር አይደለም።

የቄሱ ግቢ

ድንኳኑን የተከለው በከተማዋ የቅዱስ ዮሐንስ አጥቢያ አገልጋይ የነበረው ቶማስ ሃርፎርድ ባተርስቢ ነው። የአጥቢያው ዋና አገልጋይ የሆነው በ1851 ነው፤ ትጉህ ሰባኪና ድሆችን የሚጎበኝ ቄስ ነበር። በውስጡ ግን ለሌሎች የሚሰብከውን ሰላም ራሱ አልያዘም ነበር። በ1874 በኦክስፎርድ ስለ ቅድስና ሕይወት በተደረገ ጉባኤ ላይ ተገኘና አንድ ነገር ተለወጠ፤ ከትግል ወደ እምነት ዕረፍት ገባሁ ብሎ መሰከረ። በሚቀጥለው ዓመት ሮበርት ዊልሰን ከተባለ የኩዌከር ወገን ወዳጁ ጋር ሆኖ፣ በኦክስፎርድ ያየውን ወደ ገዛ መንደሩ ለማምጣት ቆረጠ። አዳራሽ ስላልነበረው በቤቱ አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ድንኳን ተከለ።

ጅማሬው ግን ሊከሽፍ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ዋና ተናጋሪ እንዲሆን የተጠራው አሜሪካዊው ሮበርት ፒርሳል ስሚዝ፣ ጉባኤው ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በአስተምህሮውና በአኗኗሩ ላይ ጥያቄ ተነሥቶበት አገልግሎቱን ሁሉ አቋርጦ ወደ አገሩ ተመለሰ። አስቡት፤ ማስታወቂያው ወጥቷል፣ ሰው ባቡር ተሳፍሯል፣ ተናጋሪ የለም። ባተርስቢ ጉባኤውን አልሰረዘውም። ዌብ ፔፕሎን የመሳሰሉ እምብዛም ስም ያልነበራቸው የአጥቢያ አገልጋዮች መድረኩን ተካፈሉት። በ1875 ሰኔ መጨረሻ ለሦስት ቀናት ሦስት አራት መቶ ያህል ሰው በዚያ ድንኳን ተሰበሰበ። በኋላ የኬስዊክ ልማድ ሆኖ የቀረው፣ ሁሉን የሚጠቀልል አንድ ታላቅ ሰው የሌለበት መድረክ፣ በእኔ ግምት ከዚያ ክፍተት የተወለደ ነው።

ለምን ሐይቅ ዳር ሆነ ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ቀላል ነው፤ ቄሱ የሚኖረው እዚያ ስለነበረ። መልክአ ምድሩን ማንም መርጦ አላመጣውም። ነገር ግን ከዓመት ዓመት ተደጋግሞ ሲካሄድ፣ ቦታው የጉባኤው አካል ሆነ። ከአሥር ዓመት በፊት በ1865 የተከፈተው የባቡር መስመር ከለንደን፣ ከማንቸስተርና ከሊቨርፑል ሰው ያመጣ ነበር። ጠዋት ሰዎች ስለ ኃጢአትና ስለ መሰጠት የተናገራቸውን ቃል ይዘው ከሰዓት በኋላ ወደ ሐይቁ ይወጡ ነበር፤ በጀልባ፣ በእግር፣ ብቻቸውን ወይም ሁለት ሁለት ሆነው። ማታ ተመልሰው ወደ ድንኳኑ ይገባሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በየዓመቱ በቡድን ይመጡ ጀመር። መፈክሩ ከገላትያ 3፥28 የተወሰደው፣ በክርስቶስ ሁሉም አንድ መሆናቸውን የሚናገረው ሐሳብ ነበር፤ የአንግሊካኑ ቄስ፣ ባፕቲስቱ፣ ሜቶዲስቱና ኩዌከሩ በአንድ ሸራ ሥር ተቀምጠው ዝናቡን አብረው ይሰሙት ነበር።

ሁሉም ሰው አልተቀበለውም። የሊቨርፑል የመጀመሪያው ጳጳስ ለመሆን የበቃው ጄ. ሲ. ራይል በ1877 “ቅድስና” የተባለውን መጽሐፉን ያወጣው በከፊል ይህ እንቅስቃሴ ቅድስናን በአንድ ማታ የሚገኝ ነገር አስመስሎታል ብሎ ስለሰጋ ነው። ዛሬም ከካምፕ የተመለሰ ወጣት ሰኞ ላይ ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ ሰው የራይልን ሥጋት ዝም ብሎ አያልፈውም።

ከዚያ ድንኳን ግን ሰዎች ወደ ዓለም ዳር ወጥተዋል። የሮበርት ዊልሰን የማደጎ ልጅ ያህል ሆና በቤቱ የኖረችው ኤሚ ካርማይክል በ1893 ወደ ጃፓን፣ በኋላም ወደ ሕንድ የሄደችው ጉባኤው ወጪዋን ችሎ የላካት የመጀመሪያዋ ሚስዮናዊ ሆና ነው።

የኬስዊክ ስም በእኛ ቤተ ክርስቲያናት ታሪክ አጠገብም ያልፋል፤ ይህን ብዙዎቻችሁ የሰማችሁት አይመስለኝም። በእንግሊዝ ተወልዶ ወደ ካናዳ የተሻገረው ሮላንድ ቢንግሃም በ1893 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ወደ ምዕራብ አፍሪካ ሄደ፤ ሁለቱ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሞቱ፣ እሱ ብቻውን ተመለሰ። ከዚያ ሐዘን የተነሣው ሥራ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን፣ እኛ በአጭሩ ኤስ አይ ኤም የምንለው ነው። ይኸው ቢንግሃም በ1924 በካናዳ ሙስኮካ በሚባለው የደንና የሐይቅ አገር፣ በሮሶ ሐይቅ ዳርቻ “የካናዳ ኬስዊክ” ብሎ የሰየመውን የጉባኤ ቦታ ከፈተ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1927 የዶክተር ቶማስ ላምቢ ቡድን ከእሱ ሚስዮን ጋር ተቀላቅሎ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ቀጥሎም በበቅሎና በድንኳን ወደ ደቡብ ወረደ። ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን የዚያ ጉዞ ፍሬ ናት። የእናንተ የላንጋኖ ካምፕ በቀጥታ ከቢንግሃም መጣ ማለቴ አይደለም። ሐይቅ ዳር ድንኳን የተከለውና ወንጌል ወደ ወላይታና ወደ ሲዳማ ይሂድ ያለው ሰው ግን አንድ ነበር።

ሌላው ቄስ

እስካሁን የነገርኳችሁ የድንኳኑን ታሪክ ነው። በመንፈሳዊ መጻሕፍት የሚተረከውም ይህ ነው። አሁን ደግሞ ድንኳኑ ስለተተከለበት ዳርቻ ልጨምር፤ ምክንያቱም ከሰዓት በኋላ ያ ሁሉ ሰው በሐይቁ ዙሪያ መሄድ የቻለው መሬቱ ክፍት ስለነበረ ነው፣ መሬት ደግሞ በራሱ ክፍት ሆኖ አይቀርም።

ባተርስቢ በ1883 አረፈ። በዚያው ዓመት በኬስዊክ ጫፍ ወዳለው ወደ ክሮስትዌይት አጥቢያ አዲስ ቄስ መጣ፤ ስሙ ሃርድዊክ ሮንስሊ። በወጣትነቱ በለንደን ድሆች መካከል አገልግሏል፤ በዚያም ከኦክታቪያ ሂል ጋር ተዋውቋል። እሷ ከ1865 ጀምሮ የተጎሳቆሉ የለንደን ቤቶችን እያሳደሰች ለድሆች በሚችሉት ኪራይ የምታከራይ ክርስቲያን ሴት ነበረች። ስምንት ሆኖ በአንድ ክፍል የሚኖር ቤተሰብ ከደመወዝና ከዳቦ ሌላ ሣር፣ ዛፍና ሰማይ ያስፈልገዋል ብላ ታምን ነበር። ሀብታም ግቢ አለው፤ ድሃ ግን የጋራ መሬት ከሌለው ምንም የለውም።

ሮንስሊ በመጣበት ዓመት ከሐይቁ በስተምዕራብ ካሉት ተራሮች የጣሪያ ድንጋይ ለማውረድ የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት ዕቅድ ወጣ። ተከራከረ፣ ጻፈ፣ ሰው አስተባበረ፤ ዕቅዱ ተሰረዘ። ቀጥሎ የእግር መንገድ ጉዳይ መጣ። ከኬስዊክ በላይ ላትሪግ የሚባል፣ አሮጊትም ሕፃንም የሚወጣው ዝቅ ያለ ኮረብታ አለ። ባለርስቶቹ መንገዱን በአጥርና በእሾህ ዘጉት። ሮንስሊ የሚመራው የእግር መንገድ ጠባቂዎች ማኅበር አቤት አለ፤ መልስ ሲያጣ በጥቅምት 1887 ወደ 2,000 የሚጠጋ ሕዝብ አጥሩን አልፎ በሰላም ወደ ጫፉ ወጣ። ጉዳዩ በሚቀጥለው ዓመት ፍርድ ቤት ደርሶ በስምምነት አለቀ፤ ወደ ጫፉ የሚያወጣው መንገድ ክፍት ሆነ፣ ሌላው ተዘጋ።

በሁሉም ግን አላሸነፈም፤ አለማሸነፉም ማወቅ ያለባችሁ ነገር ነው። ከኬስዊክ በስተደቡብ ምሥራቅ ቲርልሚር የሚባል ሌላ ሐይቅ አለ። የማንቸስተር ከተማ ሕዝብ የሚጠጣው ንጹሕ ውሃ አልነበረውም፤ የጥጥ ፋብሪካዎቹ ሠራተኞች ልጆች በቆሸሸ ውሃ ይታመሙ ነበር። ከተማው ሐይቁን ገድቦ ውሃውን 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ሊወስድ አሰበ፤ ውብ ቦታ ይጠፋል ያሉ ብዙዎች ተቃወሙ፤ በ1879 ፓርላማው ፈቀደ። ግድቡ ሲሠራ ሐይቁ ተነሣና ቤቶችንና መንገዶችን ዋጠ፤ የዊትበርን ትንሿ ቤተ ክርስቲያን ግን ዛሬም ቆማለች። በ1894 ውሃው መፍሰስ ሲጀምር በምረቃው ላይ ቆሞ የጸለየው ሮንስሊ ነበር። አንዳንዱ ይህን እንደ ሽንፈት ያየዋል። እኔ ግን የቄስነቱ መልክ እዚያ ላይ ይበልጥ ጎልቶ የታየ ይመስለኛል፤ የተጠማው ሕዝብ እውነተኛ ነበርና። ያጠፋው ነገርም ግን እውነተኛ ነበር፤ ከተማው የውሃውን ንጽሕና ለመጠበቅ ሲል ዳርቻውን ለአሥርተ ዓመታት ለሕዝብ ዘጋው፣ ዙሪያውንም በባዕድ ጥድ ሸፈነው።

ከዚህ ሁሉ ሮንስሊ አንድ ነገር ተማረ፦ በየጊዜው መጮህ ብቻውን አይበቃም። መሬቱን ገዝቶ ለዘላለም የሕዝብ ሆኖ የሚቀርበትን ሕጋዊ መንገድ መፍጠር ያስፈልጋል። በ1895 ከኦክታቪያ ሂልና ሮበርት ሃንተር ከተባለ የሕግ ባለሙያ ጋር ሆኖ ናሽናል ትረስትን አቋቋመ። “ትረስት” የሚለውን ቃል እኛ የምንመልሰው ሌላ ቃል ሳንፈልግ አደራ ብለን ነው። ባለቤት ሳይሆን ባለአደራ፤ መሬቱን ለመሸጥም፣ ለልጅ ለማውረስም የማይችል።

በ1902 ከደርወንትዋተር በስተምዕራብ ዳርቻ ብራንደልሃው የተባለ የደን መሬት ለገበያ ቀረበ። ስፋቱ 108 ኤከር፣ ወደ 44 ሄክታር ነው። ገዢው ቪላ ሊሠራበት፣ በአጥር ሊያጥረው ይችል ነበር፤ በሐይቁ ዙሪያ እንዲህ የሆነ ብዙ ነበር። ማኅበሩ ገንዘብ አልነበረውም። ለሕዝብ ጥሪ አቀረበ፤ 6,500 ፓውንድ ተሰበሰበ፤ የተሰበሰበውም ከትልልቅ ሰዎች ብቻ አይደለም። ከሼፊልድ አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ሁለት ሺሊንግ ተኩል ላከች። ዕድሜዋን ሙሉ ሐይቆቹን ለማየት ስትመኝ እንደኖረች፣ ከእንግዲህ እንደማታያቸው፣ ለሌሎች እንዲቀመጡ ግን መርዳት እንደምትፈልግ ከገንዘቡ ጋር ጻፈች። ሁለት ሺሊንግ ተኩል ለፋብሪካ ሠራተኛ ትንሽ ገንዘብ አልነበረም። ደብዳቤውን ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ እሷ ራሷ የማትቀመጥበት ጥላ ነበርና የገዛችው።

የምረቃው ቀን በጥቅምት ነበር፤ የንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ ልዕልት ሉዊዝ መጣች። ለእንግዶቹ ትልቅ ድንኳን ተተክሎ ነበር። የሐይቁ ነፋስ ግን ድንኳኑን በጣጥሶ ጣለው፤ ሥነ ሥርዓቱ በባዶ ሰማይ ሥር ሐይቁ ከፊት ለፊት፣ ተራራው ከኋላ ሆኖ ተደረገ። ኦክታቪያ ሂል ይህን የገለጸችው በደስታ ነው። ልዕልቷና ሦስቱ መሥራቾች እያንዳንዳቸው አንድ የኦክ ዛፍ ተከሉ፤ አራቱ ዛፎች ዛሬ ከጀልባ ማረፊያው ከፍ ብሎ ይታያሉ።

ዛሬ ወደዚያ ብትሄዱ ከኬስዊክ በጀልባ ተሻግራችሁ በብራንደልሃው ትወርዳላችሁ፤ መግቢያ የሚጠይቃችሁ የለም። በደኑ ውስጥ መራመድ፣ ምሳ መብላት፣ ውሃው ዳር መቀመጥ ትችላላችሁ። ድንኳን የሚተከለው ግን በየትም አይደለም፤ ለዚያ የተመደበ ሜዳ ከከተማዋ አጠገብ በሐይቁ ራስ አለ። በደኑ ውስጥ እሳት ማንደድ አይፈቀድም። ሮንስሊ በ1920 ሲሞት ወዳጆቹ ሐውልት ከማቆም ይልቅ ፍራየርስ ክራግ የተባለውን ወደ ሐይቁ የሚገባ ቋጥኝና በዙሪያው ያለውን መሬት ለሕዝብ አደራ እንዲሆን በስሙ ሰጡ። የኬስዊክ ጉባኤም እስከ ዛሬ በየዓመቱ በሐምሌ ይካሄዳል፤ በቅርብ ዓመታት የከተማዋን የድሮ የእርሳስ ፋብሪካ ግቢ ገዝቶ መቀመጫው አድርጎታል። ጉባኤተኛው ከሰዓት በኋላ የሚራመደው ባብዛኛው ሌላው ቄስና ወዳጆቹ ባስከፈቱት መንገድ ነው።

የእኛ ሐይቆች

ወንጌላውያን ከኬስዊክ የወረስነው የድንኳኑን ግማሽ ነው። መዝሙሩን፣ ትምህርቱን፣ ጥሪውን፣ የተልእኮውን እሳት። የዳርቻውን ግማሽ ማንም አላመጣልንም፤ ምናልባትም በአገራችን አስቀድሞ ስለነበረ መምጣት አላስፈለገውም ይሆናል። ጣና ላይ ያለውን የዘጌን ባሕረ ገብ መሬት ተመልከቱ። ገዳማቱ በዘመናት ሁሉ በሬ ጠምዶ ማረስን ከልክለው፣ በትልልቅ ዛፎች ሥር ቡና እያበቀሉ ደኑን አቆይተውታል። በዙሪያው ያለው አገር ሲራቆት ዘጌ ከሩቅ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። በሰሜኑ ክፍል ከአውሮፕላን መስኮት የሚታዩት ክብ ክብ አረንጓዴ ነጥቦችም በመካከላቸው ቤተ ክርስቲያን ያለባቸው ናቸው። በአስተምህሮ የምንለይበትን ነገር ሁሉ አስቀምጠን፣ ኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻችን በዚህ በኩል አደራ ጠብቀዋል። የእኛ የጸሎት ቤት ግቢ ግን ባብዛኛው ሲሚንቶና የመኪና ማቆሚያ ነው።

አሁን ወደ ላንጋኖ ልመልሳችሁ። የምትዋኙበት ቡናማ ውሃ ብቻውን የተቀመጠ አይደለም። ከላንጋኖ ሆራከሎ የምትባል ወንዝ ትወጣለች፤ ከዝዋይ ደግሞ ቡልቡላ ይወጣል፤ ሁለቱም የሚገቡት አቢጃታ ሐይቅ ውስጥ ነው። አቢጃታ መውጫ የለውም፤ የሚሰጠውን ብቻ ይቀበላል። ከጥልቁ ከሻላ ጋር ሆኖ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው የአቢጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ማዕከል ነው። ፓርኩ ከተመሠረተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። በወረቀት ላይ ብራንደልሃውን ሃያ ጊዜ አይደለም፣ ሁለት ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጠዋል።

ወደ አቢጃታ የሚገባው ውሃ ግን ከላይ ለመስኖ ይጠለፋል፤ ከሐይቁም ለሶዳ አመድ ማምረቻ ሲቀዳ ኖሯል። ሐይቁ ወደ ውስጥ ሸሸ፤ ትናንት ማዕበል የነበረበት ቦታ ዛሬ መኪና የሚሰምጥበት ነጭ ጭቃ ነው። ጨዉ በረታ፣ ዓሣው ጠፋ፣ ዓሣ ፍለጋ ከሻላ ደሴት ይመጡ የነበሩት ይብራዎች ወደ ሌላ ሐይቅ ዞሩ። የቲርልሚር ጥያቄ እዚህም አለ፦ ከዝዋይ ውሃ የሚጠልፈው ገበሬ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያበቅለው ልጆቹን ሊያሳድግ ነው። ማንቸስተር ግን ቢያንስ ሐይቁን በሕግ ጠይቃ፣ በፓርላማ ተከራክራ ወሰደችው፤ አቢጃታ የተወሰደው በጄኔሬተር ፓምፕ፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው። በምሥራቅ ሐረማያ በ2000ዎቹ መጀመሪያ እንዴት ጨርሶ እንደደረቀ ከወላጆቻችሁ መካከል የሚያስታውስ አለ፤ ጀልባ ይቀዘፍበት የነበረው ቦታ ከብት ይግጥበት ነበር። በቅርብ ዓመታት ውሃ ተመልሶለታል፤ ይህም ተስፋ ለሚፈልግ ሰው የሚጠቀስ ነገር ነው።

በሐይቆቹ ዙሪያ የነበረው የግራር ደን ታሪክ ደግሞ ከካምፓችሁ ጋር ይበልጥ የተያያዘ ነው። ያ ደን በፓርኩ ክልል ውስጥ ሳይቀር ተመንጥሯል፤ ከፊሉ ለእርሻ፣ ከፊሉ ለከሰል። የከሰሉ ገበያ ደግሞ መንገዱ ነው። ከካምፕ ስትመለሱ፣ ዘማሪዎቹ ድምፃቸው ዘግቶ፣ ግማሹ ሰው ተኝቶ፣ ከኋላ ወንበር ያሉት ገና እየመሰከሩ ሳለ አውቶቡሱ ጥግ ይዞ ይቆማል። ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ አንዳንድ ጊዜም የኮሚቴው እናቶች ይወርዳሉ። ከመንገዱ ዳር አፋቸው በቅጠል የተወተፈ የከሰል ጆንያዎች ተደርድረዋል፤ ከአዲስ አበባ ዋጋ ይረክሳሉ። ሁለት ሦስቱ ጣሪያ ላይ ይጫናሉ።

ለአንድ ጆንያ ከሰል ብዙ እንጨት ይነዳል፤ ተቆርጦ፣ ተከምሮ፣ በአፈር ተዳፍኖ፣ ለቀናት በቀስታ ሲከስል ከርሞ። እንጨቱ ዘመናት የፈጀ ግራር ነው። ሻጩ ብዙ ጊዜ የእናንተ እኩያ ነው፤ ቁምጣ ለብሶ፣ እጁ ጠቁሮ፣ ሌላ ሥራ ቢያገኝ ይህን የማይሠራ። በዚያ አካባቢም አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ እሁድ ከእናንተው መዝሙር የሚዘምሩ። ዋጋ ሲጠየቅና ሲከራከሩት ትሰማላችሁ። ስሙን ግን የሚጠይቀው የለም፤ አውቶቡሱም ሞተሩን አላጠፋም።